ሸረሪቴን እስከ ዓርብ እንዳነሣ ስለታዘዝኩበት ጉዳይ

ለተከበሩ ወይዘሮ ሎርና ፕሩዊት
የሜፕል ሪጅ ሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ሣርዎስ? ሁለቱም ደንቡ በሚፈቅደው ልክ እንዳሉ ሙሉ ተስፋ አለኝ።

እኔ ዘንድሮ በግንባታ ምህንድስና ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ በመንገዱ መጨረሻ ባለው ቤት ከእናቴ ጋር የምኖረው ቴሳ ሃልቮርሰን ነኝ። ድልድይ የሚያሠራኝ እስኪገኝ ሣራችን ላይ ግዙፍ ሸረሪት ሠራሁ፤ ሆዷ በከረጢት የታጨቀ የወደቀ ቅጠል፣ እግሮቿ ከጋራዥ የተገኘ አሮጌ የውሃ ጎማ። አጠገቧም ባዶ የወተት ፕላስቲክ ጠርሙሶች ላይ ዓይንና አፍ ሥዬ፣ ውስጣቸው መብራት ከትቼ መናፍስት አቆምኩ። ይህን ሁሉ የደከምኩት እናቴ በየሃሎዊኑ ምሽት አስፈሪ ልብስ ለብሰው በር ለሚያንኳኩ ልጆች ከረሜላ ስለምትገዛና የእኛን ጨለማ ጥግ ደፍሮ የመጣ ልጅ ስለሌለ ነው፤ ከረሜላውን እስከ ገና እኛው እንጨርሰዋለን። ዘንድሮ ይመጣሉ ስል፣ እርስዎ «እስከ ዓርብ ይነሣ» የሚል ማስጠንቀቂያ በራችን ላይ ለጠፉ። ሃሎዊን ቅዳሜ ነው።

ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ፦

፩. «ከመደብር ያልተገዛ ማስጌጫ የሰፈሩን ገጽታ ያበላሻል» ብለዋል። የአቶ ብራንት በአየር የሚነፋ ዱባ ከመደብር በመገዛቱ እንኳን ደስ ያለው፤ በየጠዋቱ አየሩ ወጥቶ እንደ ሰካራም ሣሩ ላይ ተዘርሮ ሲገኝ ግን ገጽታችን ምን እንደሚሰማው ቢጠይቁልኝ።

፪. ሸረሪቴን «የቆሻሻ ክምር» ብለዋታል። ጎረቤታችን አቶ ዱዊ ይህን ሲሰሙ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ በረንዳዬ ላይ በፒጃማ ብቀመጥ እኔንም እንዲሁ ብላኛለች» አሉኝ።

፫. ይኼኛው እንኳ ምስጋና ነው። ፎቶዋን «እንዲህ ያለ ነገር ክልክል ነው» ብለው በማኅበሩ ገጽ ስላወጡልኝ እጅ እነሣለሁ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች በብስክሌት እየመጡ «እሷ ናት! እሷ ናት! ትነክሳለች?» ይላሉ። እናቴም «የሚነክሰው ማስጠንቀቂያው ነው» እያለች ከረሜላ ጨምራ ገዝታለች።

ትእዛዝዎን ለመፈጸም ስል ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ከእርስዎ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ ሰው ሳልሆን አልቀርም። የወደቀ ቅጠል በከረጢት ታስሮ፣ ፕላስቲክም ታጥቦ፣ መኪና መጥቶ እስኪያነሣው መንገድ ዳር ይቀመጥ ይላል። መኪናው የሚመጣው ሰኞ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እኔና አቶ ዱዊ ሸረሪቷን ተሸክመን መንገድ ዳር አስቀመጥናት፤ መናፍስቱም ታጥበው በሰልፍ ቆመዋል። አንድ ከረጢት ስንት እግር ሊኖረው እንደሚገባ ደንቡ ዝም ብሏል። ሣራችን ላይ ሳለች ዛፉ ይጋርዳት ነበር፤ አሁን ግን ከመንገዱ መግቢያ ጀምሮ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ደንብ አክባሪነቴን ከነቅጠሌ መንገድ ዳር እያኖርኩ፣ ቅዳሜ ምሽት ለእርስዎም ከረሜላ ይዤ የምጠብቅዎ፣
ታዛዥዎ ቴሳ ሃልቮርሰን

ተጨማሪ፦ ባለቤትዎ አቶ ግሌን በጓሮ በኩል ብቅ ብለው፣ «ለሎርና ትንፍሽ እንዳትዪ» ብለውኝ፣ ከአሮጌ ጓንት የሬሳ እጅ አሠራር ተምረው ሄደዋል። ትንፍሽ አላልኩም፤ ጻፍኩ እንጂ። ቅዳሜ ከጽጌረዳዎ ሥር እጅ ብቅ ብሎ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የእሳቸውን ማስጠንቀቂያ ትራሳቸው አጠገብ ቢለጥፉት ይደርሳቸዋል።