ከቁርስ ጋር የተላከ መርዶ

ሽሮ ሜዳ
ዓርብ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዮፍታሔ፣

ቁጭ በል። ቁርሱን ወደ ጎን አድርገው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደማልችልበት ታውቃለህ፤ ሰሞኑን የሄድኩትም አድክሞኛል። አባባ ማክሰኞ ሐምሌ 21 ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አርፏል። ረቡዕ ቁስቋም ቀብረነዋል። ማክሰኞና ረቡዕ ስትደውል “ተኝቷል”፣ “አሁን ሾርባ ቀምሷል”፣ “ሐኪሙ ብዙ አታናግሩት ብሏል” ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነው። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እማማን አትቀየማት። እሷ ስልኩን እንኳ መያዝ አልቻለችም።

የቀን ማስታወሻ መያዜን ታውቃለህ። ድሮ “እቺ ደግሞ ዝናብ የዘነበበትንም ሰዓት ትጽፋለች” እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ዘንድሮ እውነትም ጻፍኩት። እሑድ ሐምሌ ገብርኤል ዕለት እንዲህ ይላል፦ “ከጧቱ ሁለት ሰዓት። ዮፍታሔ ከዱባይ የሚደርስበት ነው። ዝናብና ጉም። እንጦጦ አይታይም።” ከሥሩ ደግሞ፦ “ሦስት ሰዓት ተኩል። አውሮፕላኑ ማረፍ አቅቶት ወደ ጅቡቲ ዞረ።”

አባባ ያን ጧት ነቅቶ ነበር። ቆርቆሮው በዝናብ ሲደበደብ እኔ ሌላ ነገር አልሰማሁም፤ እሱ ግን ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ “ይኸው መጣ” አለኝ። ትንሽ ቆይቶ “እየዞረ ነው። ክር እንደተበጠሰበት ሸማኔ ጫፉን እየፈለገ ነው” አለ። ከዚያ ጣቱን አወረደና “ሄደ” አለ። እውነት ሰምቶ ይሁን አላውቅም።

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አባራ። እናንተ ግን የአብራሪዎቹ የሥራ ሰዓት አልቋል ተብላችሁ እዚያው አደራችሁ። የኮሮና ምርመራ ወረቀትህ የሚያገለግልበት ሦስት ቀን ያለቀው ደግሞ ያን ዕለት ምሽት ነው። ሰኞ ቦሌ ስትደርስ “ይሄ ጊዜው አልፏል” ተባልክና፣ ወደ ቤት መምጣትህ ቀርቶ ለሰባት ቀን ለይቶ ማቆያ ሆቴል ገባህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። አንተ ዓርብ እመረመራለሁ ስትል “ሐሙስን አትለፍ፤ በመጨረሻው ቀን ሰልፍ ቢበዛ ትጉላላለህ” ብዬ የነዘነዝኩህ እኔ ነኝ። ለመስቀል የሚሸጥ ቀሚስ ሰኔ ላይ አሸምኜ የማስቀምጥ ሰው ነኝ፤ መቅደም ጎድቶኝ አያውቅም ነበር። እንዳልከው ዓርብ ብትመረመር ኖሮ፣ ሰኞ ወረቀትህ ይሠራ ነበር። አባባን በዓይንህ ታየው ነበር። ይህን ራስህም ሳትደርስበት አትቀርም፤ ግን ከእኔ ስማው።

ሰኞ ከሆቴል ደውለህ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። “ገባህ?” አለህ። “ገባሁ አባባ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ነኝ” አልከው። “በል እዚያው ሁን፤ መንገዱ ጭቃ ነው” አለ። የመጨረሻው ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ስምህን ጠራ ብልህ ደስ ባለኝ፤ አልጠራህም። የማንንም ስም አልጠራም። እንደተኛ ነው የሄደው።

ለምን እንደደበቅንህ አይጠፋህም። የእኛ ሰው መርዶ የሚያረዳው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍህ ክንድ በግራ በቀኝ ቆሞ ነው። በር ተዘግቶበት ብቻውን ለተቀመጠ ሰው እንዴት ይነገራል? ሰኞ ስትወጣ ጎረቤት አሳድረንህ፣ ማክሰኞ ሲነጋ ልንነግርህ ተመካከርን። እኔም ተስማማሁ። ስትደውል አልቃሹን ሁሉ ወደ ጓሮ አስወጣሁ። ስልኩን ከማንሳቴ በፊት ውኃ እየጠጣሁ ድምፄን አስተካከልኩ። ሁሉን ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ደወልክና “ሰፈሩ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ጭጭ ያለው? የመወርወሪያ ድምፅ የለም እኮ” አልከኝ። የግቢው ሸማኔዎች ለአባባ ሲሉ ሥራ ማቆማቸውን ጭራሽ አላሰብኩትም። እኔም ሳልዘገይ “መብራት ጠፍቶ ነው” አልኩህ።

መብራት! በእጅና በእግር ለሚሠራ ሽመና! ያውም ለሸማኔ ልጅ! አንተ አልሳቅክም። “እሺ ቤዛ” ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ አልደወልክም፤ ስደውልም አታነሳም።

ዛሬ ጧት ጋሽ ኃይለ መለኮት ጋ ሄድኩ። አርባ ዓመት ከአባባ ጎን ተቀምጠው የሸመኑ ሰው ናቸው፤ የሚያረዱህም እሳቸው ነበሩ። በደብዳቤ ልነግረው ነው ስላቸው ተቆጡ።

“መርዶ በወረቀት? አንቺ ልጅ፣ መርዶ እንደ ነጠላ ታጥፎ ይላካል እንዴ? ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ቻይው!”

“ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ ነው ብዬዋለሁ።”

“የምን መብራት?”

“ሽመናው ለምን ቆመ ሲለኝ።”

ዓይናቸው በልቅሶ እንዳበጠ ሳቃቸው አመለጣቸው። “ወይ አንቺ! ይህን አባትሽ ቶማስ ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር” አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ “አውቋል ማለት ነው። አውቆ፣ የሚጠይቀው አጥቶ ሦስት ቀን ሊቀመጥ ነው። ይሄስ ከወረቀቱ ይብሳል” አሉ። “ግን ያለ ሰው አይሆንም። አልስማማም።”

ስለዚህ ሆቴሉ ድረስ ሄጄ ፎቃችሁን የምትከታተለዋን ነርስ፣ ናዝሬትን፣ በር ላይ አስጠራኋት። ነገሩን ስነግራት “ሰው ማስገባት ክልክል ነው እኮ፣ እህቴ” አለችኝ።

“ልግባ መች አልኩሽ? አስፋልቱ ግን የሁሉም ነው።”

ትንሽ አየችኝ። “ስንት ናችሁ?”

“ስድስት።”

“ማስክ አድርጉ። ተራርቃችሁ ቁሙ። እንዳትጮሁ ደግሞ።”

“እሱን ቃል አልገባም።”

“እንግዲህ እኔ አልሰማሁም” አለችና ደብዳቤውን ጧት ከቁርስህ ጋር ልትሰጥህ ተስማማች።

ስለዚህ ይህን ስታነብ ቅዳሜ ነው፤ ገና መንጋቱ ነው። ናዝሬት ከበሩ ውጭ ቆማለች፤ ከደከመህ አንኳኳ። በምርመራው ቀን ልትቆጣኝ ብትፈልግ መብትህ ነው። ቁጣህን ለሰኞ አቆየውና ስትወጣ በር ላይ ንገረኝ፤ አልከራከርህም። ዛሬ ግን አባትህን አልቅሰው።

እማማ መጥታለች። ጋሽ ኃይለ መለኮት ዣንጥላ ይዘውላት አጠገቧ ናቸው። ሌሎቹም አሉ። ዝናብ ቢጥልም ማንም የሚሄድ የለም። አንተ ሳትጀምር አናለቅስም ብለን ዝም ብለናል።

ወረቀቱን አስቀምጥና በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ክፈተው። ከሥርህ ነን።

እህትህ
ቤዛዊት ቶማስ