የሦስት ጆንያ ጀልባ

ለውድ ወንድሜ ለክሎቪስ፣

እንደምን ከርመሃል? አንተ እንዴት ነህ፣ ባለቤትህ ማርጎ እንዴት ናት፣ ትንሿ ኢቬት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? ያ በስልክ የምሰማው ደረቅ ሳልህስ ለቀቀህ? አላስካ ብርዱ ገባ ሲሉ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እግርህን ነው፤ በልጅነትህም ካልሲህ ደርቆ አያውቅም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። እኔ ፈርቻለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር አባባ መጥቶ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። በዚያ ላይ አንተና እሱ ስለ ጀልባ ካነሳችሁ ነገሩ ወደ ጩኸት መሄዱ አይቀርም። የሽሪምፕ ማጥመጃ ጀልባውን ከአባባ አልረከብም ብለህ ከሄድክ እነሆ ስምንት ዓመት፤ ዛሬም ያችን ቀን እንደ ትናንት ነው የሚያወራት።

የቅዱሳን ሁሉ ቀን እንደ ወጉ መቃብር ኖራ ቀባን። ለአጎታችን ለአልሲድ የመጀመሪያው ነው። እማማ ተንበርክካ እየቀባች ሳለ አባባ ከኋላዋ ቆሞ፣ የዳክዬ አደን በሚከፈትበት ቅዳሜ እወጣለሁ አላት። ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። "ብሩሹን አጥቤ ሳልሰቅለው ሌላ መቃብር እንዳታስቀቡኝ" ብላ ቅቡን ቀጠለች። እኔ ኖራው ባልዲ ውስጥ እጄን እስከ አንጓዬ ከትቼ ቀረሁ።

አንተ አውሮፕላኑ አልነሣ ብሎህ ለቀብሩ ስላልደረስክ፣ በጥር ወር የሆነውን ከአባባ አፍ እንደሰማሁት ልንገርህ። ያች ቀጭን ጀልባ ትዝ ትልሃለች? ሦስት ጣት ውሃ ይበቃታል እያለ አባባ በፎቶ የላከልህ። ፈጣን ትሁን ብሎ ሠላሳ ሰባት የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ኋላዋ ላይ ሰቀለባት። ጭቃው ላይ እንደ ልቧ ትሄድ ነበር። ነገር ግን ክሎቪስ፣ ወደ ጭቃው ለመድረስ ዛሬ ሐይቁን መሻገር አለብህ። አንተ ስትሄድ ኩሬ ኩሬ የነበረው ሁሉ ተያይዞ አንድ ሐይቅ ሆኗል። አያታችን ላም ያሰማራበት የነበረው ሜዳ ከውሃ በታች ነው። አባባ ይህን በዓይኑ ያያል፣ ጀልባ ሲገዛ ግን የሚገዛው ለድሮው ረግረግ ነው።

ያን ቀን ሁለቱ ከአደን ሲመለሱ የአጎቴን ቆብ ነፋስ ወሰደው። "ኦቪድ፣ ቁም! ቆቤን!" አለው። አባባም ነዳጅ መስጫውን በአንዴ ለቀቀ። ጀልባዋ ቀጥ ስትል ራሷ ያስነሣችው ማዕበል ከኋላ ደረሰባት፤ ሞተሩ አስቀድሞ በክብደቱ ኋላዋን ስለተጫናት ውሃው ምንም ሳይከለክለው ገባ። አባባ የአያታችንን የአጥር ቋሚ አቅፎ ስድስት ሰዓት ቆየ። አጎቴን ያገኙት በሁለተኛው ቀን ነው። ላም ይጠብቅበት በነበረ ቦታ ሰጠመ።

ከዚያ ወዲህ አባባ የቀኝ ትከሻው አይነሣም። አይስቅም። ለምን ትወጣለህ፣ ዳክዬ እንደሆነ ጎረቤት ያመጣልናል ስለው፣ "ኖኤሚ፣ ያንን ሐይቅ ካልተሻገርኩት እዚሁ ወንበሬ ላይ እየሰጠምኩ ነው የምሞተው" አለኝ። ከዚያ የባሰውን አስከተለ፦ "ጀልባውን አንቺ ምረጪ። እኔ የመረጥኩትን አይተሻል።"

ወደ ፕላሲድ ሱቅ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሞተር የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ሰውየው አፉ ዘይት ነው። አንዷን ቀጭን ጀልባ እየደባበሰ፣ "የኔ እመቤት፣ ይህቺ እኮ ጤዛ ላይ ትሄዳለች!" ይለኛል። እኔም፣ አጎቴ ጤዛ ላይ አልሰጠመም አልኩት። ጎረምሳ ደንበኞቹ ሳቁ፣ እሱ ግን ቆቡን አወለቀ። አንተም ባለፈው ስትደውል፣ ለማን እንደሆነ ሳልነግርህ ስለ ጀልባ ብጠይቅህ፣ ቀላሏንና ፈጣኗን ውሰጂ ብለኸኝ ነበር። አልሰማሁህም፤ ተቆጣ ከፈለግህ።

የወሰድኩት ሰፊውን፣ ግድግዳው ከፍ ያለውን ነው። ፍጥነቱ እንደ እማማ መኪና ነው። ሞተሩም ያ ዘንገ ረጅሙ፣ መዘውሩ በብረት ዘንግ ጫፍ ከኋላ ርቆ የሚዞረው ነው፤ ክብደቱ ኋላውን አይጫንም፣ ጭቃና ጉቶ ሲያጋጥም ዘንጉን ብድግ አድርገህ ታልፋለህ። ጉዱ ግን ምን መሰለህ፣ ያ ዘንግ ጠንካራ ትከሻ ይፈልጋል፣ አባባ ደግሞ የለውም። ስለዚህ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። እሱም እኔ ነኝ። ገላዬን ስታጠብ ውሃ ፊቴን ሲነካኝ የምጮኸው እኔ! ለእሱ የሚያስተማምን ሞተር ፈልጌ ራሴን ከሞተሩ ጋር አሰርኩ።

ሌላም ፍርሃት አለብኝ። ጀልባው ሰፊ ነውና ከቀጭኗ ይበልጥ ውሃ ይፈልጋል። የሰሜን ነፋስ ተነሥቶ የረግረጉን ውሃ ወደ ባሕር ከገፋው ጭቃ ላይ ተቀመጥን ማለት ነው፤ በዚያ ጭቃ ደግሞ ማንም በእግሩ አይወጣም። አባባ ነፋሱ እንደዞረ ዳክዬ ራሳችን ላይ ቢያርፍ እንኳ እንመለሳለን ብሎ ምሏል። መሐላውን አምናለሁ። ዳክዬ ሲያይ ግን ታውቀዋለህ።

ባለፈው እሑድ ጀልባውን ከቤታችን ጀርባ ውሃ ላይ አውርደን በጆንያ ፈተነው። ጆንያውን አልረሳኸውም መቼም፤ አባባ ለእያንዳንዱ ሰው በክብደቱ ልክ አሸዋ ሸርጣን በሚሸጥበት ሚዛን መዝኖ፣ በየመቀመጫው አስቀምጦ፣ ከውሃው በላይ የቀረውን ግድግዳ በስንዝር ይለካል። ባለፈው የአደን ወቅት ይህን አላደረገም። አጎቴ "እኔን በአሸዋ ትመስለኛለህ?" ብሎ ስለሳቀበት ተወው። አሁን ግን ያንን ሳቅ እያስታወሰ አሸዋውን በማንኪያ ጭምር ሲያስተካክል አየሁት። ሲጨርስ ጆንያዎቹ ሦስት ሆኑ። አንዱ የሱ፣ አንዱ የኔ፤ ውሻው ቦስኮ ራሱ ዘሎ ገብቷል። ሦስተኛው የማን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

"የክሎቪስ" አለኝ ሳያየኝ። "ሲመጣ ጀልባው ጠበበኝ እንዳይል።"

ከዚያ የሱንና የኔን አውርደን እኛው ገባን፤ ያንተ መሃል ላይ ቀረ። እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት ሆኖ፣ ነዳጅ ስትቀንሺ ቀስ፣ ቀስ፣ ማዕበሉ ከሥርሽ ይለፍ እያለ ያስተምረኝ ጀመር። ጥሩ እየሄድን ሳለ ቦስኮ ድንገት ሲጮህ ደነገጥኩና ነዳጅ መስጫውን በአንዴ ለቀቅሁት። ልክ እንደዚያን ቀን። ጀልባው ቀጥ አለ። የውሃው ድምፅ ከኋላዬ ሲመጣ ሰማሁ። አባባ እጁን ዘርግቶ ወደኔ ዞረ፣ እንደዚያ ያለ ፊት ዳግም አያሳየኝ። ውሃው የኋላውን ግድግዳ ወጣ፣ ወጣ፣ ሁለት ጣት ሲቀረው ተመልሶ ወረደ። አባባ ጆንያህ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ቆይቶ፣ "ያዘ" አለ። "ሦስታችንንም ያዘ።"

ቅዳሜ ኖቬምበር 17 ቀን እንወጣለን። ይህ ደብዳቤ አላስካ ደሴታችሁ ድረስ የሚደርሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ስታነበው ወይ የዳክዬውን ወጥ፣ ጋምቦአችንን፣ በልተን ድስቱን አጥበናል፣ ወይ አስቀድሞ ስልክ ደርሶሃል። ጸልይልን ልልህ ነበር፣ ጸሎትህ ግን ከቅዳሜ በኋላ ነው የሚሆነው። ብቻ ጸልይ፣ እግዚአብሔር ቀን አይቆጥር ይሆናል።

ለማርጎ ሰላምታዬን ንገርልኝ፣ ኢቬትን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። እማማ ወፍራም ካልሲ እየሠራችልህ ነው፣ አንዱ አልቋል። ቦስኮም አርጅቷል፣ ግን አለ። አባባ ሰላም በይው አላለኝም፤ ደብዳቤውን ለማን እንደምጽፍ እያወቀ ግን መብራቱን ወደኔ አስጠጋልኝ።

አንድ ነገር አደራ። አባባ አሸዋህን የሞላው ስትሄድ በነበርክበት ክብደት፣ መቶ ስድሳ አምስት ፓውንድ ነው። በላክኸው ፎቶ ላይ ግን ሆድህ ሌላ ነገር ይናገራል፣ ለእኛ ደግሞ ሁለት ጣት ብቻ ነው የቀረን። ጆንያህ መጋዘኑ ደጃፍ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ ማንም እንዳይነካው ተብሏል። አሁን ስንት እንደምትመዝን ሳታጭበረብር ጻፍልኝ፣ አሸዋውን እኔ እጨምርበታለሁ።

እህትህ ኖኤሚ
ዱላክ፣ ሉዊዚያና
ኖቬምበር 8 ቀን 2018