የባንቺአየሁ ጎመን

የካቲት 22፣ ቅዳሜ
ማራኪ ሰፈር፣ ለሕክምና ብዬ፣ ልጄ ናዝራዊት በተከራየችው ክፍል አምስተኛ ሳምንቴ። ግራ እግሬ አሁንም እንዳበጠ ነው። ሾፌሩ ክንዱ ከቤቴ ከኮላ ድባ የባንቺአየሁን ጎመን አደረሰልኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ። ከጓሮዋ ቀጥፋ፣ አጥባ። ጾሙን የያዝኩት በእሱ ነው። ስበላ አጠገቤ ቁጭ ብላ “ጨው አነሰው?” የምትለው ናፈቀኝ። ሚስት በዚህ ዕድሜ ትናፍቃለች? ትናፍቃለች።

እሷ የምታውቀው እግሬን ብቻ ነው። ፕሮስቴቱን፣ ካንሰሩን... በምን አፌ?

የካቲት 25፣ ማክሰኞ
ደም ተመረመርኩ። የደሜ ቅጥነት ልክ ሁለት መግባት ነበረበት። አንድ ነጥብ ሦስት። ዶክተር ፀደይ የደም ማቅጠኛ መድኃኒቱን እረሳ እንደሆን ጠየቀችኝ። እኔን? አርባ ዓመት ተማሪ ስም ስጠራ የኖርኩትን? ከፋኝ።

ካንሰሩ ነው ደሜን የሚያረጋው። እግሬ ውስጥ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከገባ... አልጨረሰችውም። ማቅጠኛውን ጨመረችልኝ። ልኩ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካልተስተካከለ ቤት መግባት የለም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ
አንድ ነጥብ አራት። ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። በጾም ምን ይበላል? ጎመን አልኳት። ምን ያህል? ባገኘሁ ቁጥር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለካ ጎመን ሲበዛ የማቅጠኛውን ኃይል ይሰብራል።

ጎመን በጤና ይላሉ... ከሚስቴ ለይቶ ያስቀረኝ የሚስቴ ጎመን ነው።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ
ጎመኑ መጣ። ናዝራዊት ለጎረቤት ሰጠችው። ለባንቺአየሁ ስደውል ደረሰህ ወይ አለችኝ። ሸጋ ነው አልኳት። አትላኪ ብላት ምነው ትላለች። ከዚያ መድኃኒቱ ይመጣል፣ ከመድኃኒቱ በሽታው። ድምጿን ከሰማሁ በኋላ ናፍቆቱ ባሰብኝ።

መጋቢት 7፣ እሑድ
ነገርኳት። ሁሉንም። “ከእኔ ነው የደበቅኸው?” ብላ ዘጋችው። ቀኑን ሙሉ ብደውል አላነሳችም።

መጋቢት 8፣ ሰኞ
በክንዱ ማኪና መጣች። ባዶ እጇን። በር ላይ ቆማ እግሬን አየች። አኩርፋለች። አኩርፋም መጣች።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ
ሁለት ነጥብ አንድ! በሚቀጥለው ማክሰኞም እንዲህ ከሆነ ቤቴ እገባለሁ። ደስ ብሎኝ ተነሣሁ። ባንቺአየሁ አልተነሣችም።

“የደሙንስ ሰማን። የካንሰሩን ንገሪን እንጂ ልጄ” አለቻት ዶክተር ፀደይን።

ስምንት ሳምንት ሙሉ ፈርቼ ያልጠየቅሁትን። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እኛ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ባንቺአየሁ እጄን ያዘችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንኖር ሰው ፊት ይዛኝ አታውቅም።