ከታላቅ ወንድም እጅ፦ የአቶ ይስሐቅ ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ (1946–2010 ዓ.ም.)

አቶ ይስሐቅ ወልደጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ወልደጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰጋሽ፣ በጌጫ አቅራቢያ ደን ጥግ በምትገኝ መንደር በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ቀፎ ሰቅለው ማር ቆርጠው የሚያድሩ ሰው ነበሩ። ከሦስቱ ልጆች ታላቁ አቶ ማቴዎስ፣ መካከለኛው አቶ ይስሐቅ፣ ታናሿ ደግሞ ይህን ታሪክ የጻፈችው እታገኝ ናት። አንዳንድ ዘመድ የሚያስከፋው ወጥቶ አጠር ብሎ እንዲነበብ ጠይቆ ነበር። የሚያስከፋው ከወጣ የልደትና የሞት ቀን ብቻ ስለሚቀር አልወጣም።

አባታቸው በ1957 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በቤተሰቡ ልማድ የመጀመሪያ ቀፏቸውን በሰቀሉበት ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀበሩ። ድንጋይ አልተከመረበትም፣ አጥርም አልታጠረበትም፤ ምልክቱ ዛፉ ነበር። የቤተሰቡ ሕግ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በየጉዞው አስቀድሞ ከታላቁ ልጅ እጅ እህል እንዲቀምስ ያዛል። ያልቀመሰ ሰው ቦታውን አያይም፣ አይነገረውምም። ሴት ልጅ ግን ብትቀምስም አትሄድም። ይህ ሕግ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ሲጠብቁት ግን ሁሉም ጎበዝ ነበር።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት የነበሩት አቶ ማቴዎስ ለታናናሾቻቸው አባትም ወንድምም ሆኑ። ራሳቸው ከትምህርት ቀርተው፣ በሚቆርጡት ማር አቶ ይስሐቅን በጌጫ፣ ቀጥሎም በማሻ አስተማሩ። አቶ ይስሐቅ ይህን ክደው አያውቁም፤ በተጣሉበት ዘመን እንኳ ያሳደገኝ እሱ ነው ይሉ ነበር። ያሳደገ ሰው ሲያስከፋ ግን ከባዕድ ይልቅ ያማል።

አቶ ይስሐቅ በ1967 ዓ.ም. ወደ ቴፒ ወርደው በቡና እርሻ የጭነት መኪና ረዳት፣ ኋላም ሾፌር ሆኑ። በ1973 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጽጌሬዳ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሣራን፣ ሐዲስንና ማራናታን አፍርተዋል። በ1984 ዓ.ም. ወደ ሚዛን ተፈሪ ተዛውረው በሚዛንና በቴፒ መካከል ቅጥቅጥ አይሱዙ መንዳት ጀመሩ። የገበያተኛ እናቶችን ሸክም ራሳቸው አንስተው የሚጭኑ፣ ደጉን ሁሉ ለተሳፋሪ ቁጣውን ለቤት ያስቀመጡ ሾፌር እንደነበሩ ባለቤታቸው ይመሰክራሉ።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየመስቀሉ ቤተሰቡን ጭነው ወደ ጌጫ ይወጡ ነበር። ቴፒ ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ለቆ ጉሙ መንገዱ ላይ ሲወርድ፣ መኪናውን ዳር አስይዘው ሁሉንም ያወርዳሉ። ልጆቹ ብርድ እያንዘፈዘፋቸው ቆመው፣ አባታቸው ማዶ ያለውን ፏፏቴና የቀርከሃውን ጥግ እያሳዩ የልጅነታቸውን ሲተርኩ ይሰማሉ። በዚያ ቁልቁለት አቶ ይስሐቅ ከወንድማቸው ኋላ ማር ተሸክመው ሲሄዱ ተንሸራተው ማሩን አፍስሰዋል፤ አቶ ማቴዎስም እናታቸው ዘንድ ደርሰው እኔ ነኝ ያፈሰስኩት ብለው ዱላውን ተቀብለውላቸዋል። ልጆቹ ታሪኩን በቃላቸው ቢያውቁትም ሊያቋርጧቸው አይደፍሩም ነበር።

አቶ ማቴዎስ ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ቆጮ ቆርሰው ማር እያስነኩ ሁሉንም ያጎርሳሉ፤ ከዚያም ወንዶቹ ወደ ዛፉ ይሄዳሉ። ሴቶቹ ሁሉ፣ ሣራና አክስቷም፣ ቤት ይቀራሉ። ሣራ ልጅ ሳለች ለምን እንደማትሄድ ብትጠይቅም የመለሰላት ሰው አልነበረም።

በ1999 ዓ.ም. ደኑ ለአንድ ባለሀብት ለሻይ ተክል ተሰጠ። መሬት የሚለኩት ሰዎች መንደሩን ሰብስበው፣ መቃብር ያለው ካለ ያሳየን፣ ቦታውን እንተዋለን ብለው ጠየቁ። አቶ ማቴዎስ ከፊት ተቀምጠው ነበር። የጠየቃቸው ከእጃቸው ያልቀመሰ ባዕድ ስለሆነ ዝም አሉ። ዛፉ ተገንድሶ ሥሩ ሲነቀልም ዳር ቆመው አዩ። መሬቱ ተደልድሎ ሻይ ተተከለበት።

አቶ ይስሐቅ ይህን ያወቁት በ2000 ዓ.ም. መስቀል፣ ልጆቻቸውን ይዘው መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ነው። ዛፉ በነበረበት በኩል ሰማይ ብቻ ይታይ ነበር። ወንድማቸው እንደ ወትሮው ደጅ ወጥተው ቆጮውን ሲዘረጉላቸው፣ «አባቴን ያስነቀለ እጅ አያጎርሰኝም» ብለው መኪናቸውን አዞሩ። ሐዲስም አባቱ ያሉትን ደገመ።

ሽማግሌ ተመላለሰ፣ ፓስተር ጸለየ። አቶ ማቴዎስ ዛፉ ሲነቀል ስላዩ ቦታውን በሚገባ ያውቁት ነበር። አቶ ይስሐቅ አስቀድሞ ያሳየኝ አሉ፤ አቶ ማቴዎስ አስቀድሞ ይቅመስ አሉ። አንዱ ሕግ ጠብቀው ሌላው ቂም ጠብቀው ስንት መስቀል አለፈ። ታናሽ እህታቸው ሁለቱንም በየተራ ለምናለች፤ እሷን ግን ራበሽ ወይ፣ አንቺስ ማየት ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እሷም የዚያው አባት ልጅ ናት።

አቶ ይስሐቅ ጉዞውን አላቋረጡም። በየዓመቱ ያንኑ መንገድ ወጥተው፣ በወንድማቸው ደጅ ሰላም ሳይሉ አልፈው፣ በሻዩ መካከል ሲዞሩ ይውሉ ነበር። አንድ ዓመት እዚህ ነው ያሉትን በሌላው ዓመት አይደለም ይላሉ። ያ ሁሉ የልጅነት ትዝታ አንዲት ስንዝር መሬት ሊያሳያቸው አልቻለም። ወደ ኋላ ላይ መንገድ ዳር አቁመው ማውራቱንም ተዉት። አቶ ማቴዎስ በበኩላቸው ቆጮውን አቅርበው፣ መኪናው ቁልቁል እስኪመለስ ደጅ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አቶ ይስሐቅ የጉሮሮ ካንሰር ታመሙ። ጅማና አዲስ አበባ ታክመው ተስፋ ሲጠፋ ወደ ሚዛን ተመልሰው ሆስፒታል ተኙ። ባለፈው ሳምንት አቶ ማቴዎስ ቆጮና ማር በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ ከጌጫ ድረስ በአውቶቡስ መጥተው ሆስፒታል ገቡ። አልጋው አጠገብ ተንበርክከው፣ «ይስሐቅ፣ ቅመስልኝ፤ በቃሬዛም ቢሆን ወስጄ አሳይሃለሁ» አሉ።

አቶ ይስሐቅ በቀረቻቸው ድምፅ፣ «ዘንድሮ ነው የራበኝ» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ማሩ በአገጫቸው ተመልሶ ፈሰሰ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ አሥር ዓመት ምላጭ ሲውጥ የኖረ ጉሮሮ የማር ጠብታ አላሳልፍ አለ። ሐዲስ ክፍሉን ጥሎ ወጣ። የአቶ ማቴዎስ እጅ እንደተዘረጋ ሲቀር፣ ሣራ ጎንበስ ብላ ከእጃቸው ጎረሰች። አቶ ማቴዎስ አለቀሱ።

አቶ ይስሐቅ ሚያዝያ 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በዛሬው ዕለት፣ ከአባታቸው ርቀው፣ በዚሁ በሚዛን ይፈጸማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌሬዳ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸውና እህታቸው በሕይወት አሉ። አቶ ማቴዎስ ልጅ የላቸውም፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ማራናታ ሩቅ አገር ናት። ሐዲስ ዛሬም አልበላም ብሏል።

ጌታ የወንድማችንን ነፍስ በዕረፍቱ ይቀበል፤ በሕይወት ሳሉ መቃብራቸውን ካላገኙት ከአባታቸው ጋርም በእሱ ዘንድ ያገናኛቸው። ለቀረነው እልሁን ከላያችን ያንሳልን።

ይህ ሲነበብ ታላቅ ወንድማችን ከአስከሬኑ ራስጌ ቆመዋል። ጋሼ ማቴዎስ፣ ሣራ ከእጅዎ በልታለች። ያሳይዋት።