የአቶ ፈንታን መርዶ ለነገሩን ሊቀመንበር

ለ«ጎህ ደጋ» አስጎብኚዎችና ባለተሽከርካሪዎች ማኅበር የተከበሩ ሊቀመንበር
ንፋስ መውጫ
ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎስ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ በዚህችው በንፋስ መውጫ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የምጽፍልዎ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ገቢ ከተደረጉ በኋላ የት እንደ ደረሱ የሚነግረኝ ስላጣሁ፣ ሦስተኛውን ቢያንስ መንገደኛ ያንብበው ብዬ ነው። ጊዜዎ ውድ እንደ መሆኑም ጉዳዬን በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አስጎብኚ ምደባዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

በጥቅምት ወር አጋማሽ ዶክተር ኢንግሪድ የተባሉ ኖርዌያዊት ወደ ከተማችን መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ገብስ ሲያጠኑ የኖሩ ሴት ናቸው። የመጡትም በጋይንትና በስማዳ ገበሬ እጅ ያለውን የገብስ ዘር በዓይናቸው ለማየት ነበር። ሹፌር የቀጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ጥጋቡን መረጡ። መኪናው አሮጌ ናት፤ እርሱ ግን ከዚህ እስከ ወገዳ ያለውን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቀዋል። የቀድሞ ተማሪዬ ስለሆነም አብሬያቸው ሄጄ እንዳስተረጉም ለመነኝ።

ልንነሳ ስንል የማኅበርዎ ሰው መናኸሪያው በር ላይ አስቆመን። ፈቃድ የሌለው ሰው ለውጭ አገር እንግዳ ማስተርጎም እንደማይችል፣ ፍሬው የተባለውን ባለ ባጅ አስጎብኚ ካልጫንን ደግሞ መኪናዋ ንቅንቅ እንደማትል በትሕትና አስረዳን። ዶክተር ኢንግሪድ «እኔ የቀጠርሁት እነዚህን ሰዎች ነው» ቢሉም የሰማቸው አልነበረም። ፍሬው ከፊት ተቀመጠ፤ እኔ በእንግዳዋ ልመና እንደ ተራ ተሳፋሪ ከኋላ ገባሁ። አርብ ገበያ ስንደርስ ፍሬው ወደ ስማዳ የሚወስደው መንገድ በየት በኩል እንደሆነ ጥጋቡን በአማርኛ ጠየቀና፣ መልሱን ለእንግዳዋ በእንግሊዝኛ አብራራላቸው። ባጁ ግን እውነትም ያምር ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ትርጉም ጥራት።

ከወገዳ መለስ ብላ በምትገኝ መንደር ወይዘሮ ጌጤ የሚባሉ ገበሬ ቤት ደረስን። ጥጋቡ አስቀድሞ ልኮባቸው ስለነበር ቤቱ ተጠርጎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ በሶው ተበጥብጦ ጠበቀን። ባለቤታቸው አቶ ፈንታ የጎረቤት ገብስ ሊያጭዱ ወንፈል ወጥተው ነበር። እንግዶቹ አረፍ እንዳልን ወይዘሮ ጌጤ ከጎታው ጀርባ አንዲት አቁማዳ አወጡ፤ አንድ እፍኝ ገብስ ዘግነውም ለዶክተር ኢንግሪድ ዘረጉላቸው።

«ይች ሰነፍ ቆሎ ናት» አሉ። «ቅርፊቷ ቶሎ ስለሚለቅ ለወቀጣ አታስቸግርም። እናቴ ስትድረኝ ቋጥራ የሰጠችኝ ዘር ናት። ገሚሷን ለልጄ ሰጥቼ ለዘር ያስቀረኋት ይችው ናት። ባለቤቴ ከአጨዳ ሲመለስ ማሳዋን ያሳያችኋል።»

ፍሬው ይህን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እኔም፣ ሊቀመንበር ሆይ፣ እርስዎ እንዳይቸገሩ መልሼ ወደ አማርኛ ላምጣልዎ። «ይህ የሰነፎች እህል ነው ትላለች። የዚህ አገር ሰው ሥራ አይወድም። ባሏ ሞቷል። በቤቷ የቀረው ይህ እፍኝ ብቻ ነው፤ እሱም ሲያልቅ ልጆቿን ይዛ ለልመና ትወጣለች።» ይህን ብሎ ሲጨርስ ስልኩን አወጣና ወይዘሮ ጌጤን እጃቸውን እንደ ዘረጉ ፎቶ አነሳቸው።

እዚህ ላይ የራሴንም ድርሻ ልናዘዝ። ወዲያው አልተናገርሁም። ስንት ሺህ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ያረምሁ ሰው፣ ጥጋቡን መናኸሪያው ውስጥ ተራ ያስከለክሉብኛል ብዬ ፈርቼ ዝም አልሁ። ዶክተር ኢንግሪድ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ። ወይዘሮ ጌጤ ደንግጠው ወደ ዋንጫው ተመለከቱ፤ ከዚያም ወደ እኔ።

«ምነው? በሶው ጨው በዛበት?»

ጥጋቡ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። «ጋሼ» አለኝ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ወይ እርስዎ ይንገሯቸው፣ ወይ እኔ በዚያችው እርስዎ ባስተማሩኝ እንግሊዝኛ እነግራቸዋለሁ።»

አፈርሁ። ተነስቼም ወይዘሮ ጌጤ ያሉትን ቃል በቃል ተረጎምሁላቸው። ዶክተር ኢንግሪድ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ዓይናቸውን ጠርገው፣ በስማቸው ይቅርታ እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ። ይቅርታው የምን እንደሆነ ለወይዘሮ ጌጤ መንገር ግድ ሆነብኝ። ነገርኋቸው። ዘሩን ወደ አቁማዳዋ መለሱ።

«ባሌን ገደለብኝ?» አሉ።

ከዚያ ወደ ፍሬው ዞረው «በል ልጄ፣ ጠላህን ጠጣ፤ ከቤቴ የገባ ሰው ሳይጠጣ አይወጣም» አሉት። ጠጣ። ልድገምህ ሲሉትም አስቀዳ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ ያን ሁለተኛ ዋንጫ የሚያህል ግን አላየሁም።

እንግዳዋ አስጎብኚዎን መኪና ውስጥ እንዲጠብቅ አዘዙት። ከሰዓት በኋላ አቶ ፈንታ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ፤ ዶክተር ኢንግሪድም ማሳው ውስጥ ተንበርክከው የገብሱን ዘለላ አንድ በአንድ ሲያዩ ዋሉ። ነገሩ እዚያው ያበቃ መስሎን ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ኅትመት ሥራዎ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ባለው ቢሮዎ ግድግዳ ላይ፣ እንዲሁም በፌስቡክ ገጽዎ፣ አንድ ትልቅ ፖስተር ወጣ። ወይዘሮ ጌጤ እጃቸውን ዘርግተዋል። ከሥራቸው «ባሏን በሞት የተነጠቀች የስማዳ እናት። ከእኛ ጋር ይጓዙ፤ ለተቸገሩት ተስፋ ይሁኑ» ተብሏል። ወረቀቱ ወፍራም፣ ቀለሙ የማይለቅ ነው፤ ለጥራቱ ስላደረጉት ጥንቃቄ አድናቆቴ ይድረስዎ።

ፖስተሩን ያዩት ደንበኞችዎ ብቻ አይደሉም። የወይዘሮ ጌጤ ታናሽ እህት ሐረገ ወይን እስቴ ተድራ ነው የምትኖረው። ለጉዳይ ንፋስ መውጫ መጥታ ከመኪና ስትወርድ የእህቷን ፎቶ አየች፤ ጽሑፉንም አንድ ተማሪ አነበበላት። ሳይጠሩኝ ቀበሩት ብላ እዚያው መናኸሪያው መሀል ፊቷን ነጨች። ዘመድ አሰባስባ እየጮኸች ከእህቷ ደጃፍ ደረሰች። አቶ ፈንታ አውድማ ላይ ነበሩ። ጩኸቱን ሰምተው መንሻቸውን እንደያዙ ሮጠው መጡና «ማን ሞተ?» አሉ።

ሐረገ ወይን እንዳየቻቸው ከቆመችበት ወደቀች። ሦስት ቀን ከመኝታ አልተነሳችም። ጉንጯ ላይ ያለው ጠባሳ እስካሁን አለ፤ ቢፈልጉ ለሚቀጥለው ኅትመትዎ ፎቶ ሊያስነሷት ይችላሉ።

አራተኛ፤ ስለ ቢሮዎ ቀልጣፋ መስተንግዶ።

ወይዘሮ ጌጤና አቶ ፈንታ የአውድማ ሥራቸውን ጥለው ቢሮዎ ድረስ መጡ፤ እኔም አብሬያቸው ገባሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ አቤቱታውን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ ፖስተሩ እንዲወርድ አቶ ፈንታ በሕይወት ስለመኖራቸው ከቀበሌ የተጻፈ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ነገረን።

«እኔን አታየኝም?» አሉት አቶ ፈንታ።

«አየዎታለሁ አባቴ። ማየት ሌላ ነው፤ ማስረጃ ሌላ ነው።»

ወይዘሮ ጌጤ ይህን ሁሉ አልሰሙም። ፖስተሩ ሥር ቆመው የራሳቸውን እጅ እያዩ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት፤ መዳፋቸው ባዶ ነው። ገብሱ የለም። ኅትመቱን ያዘጋጀው ባለሙያዎ እህሏን በኮምፒዩተር አጥፍቷታል።

«እኔ እኮ ዘር እያሳየሁ ነበር» አሉ ወይዘሮ ጌጤ፤ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። «ዘሬን የት አደረጋችሁት?»

ጸሐፊዎ ለዚህም ቅጽ ሊፈልግ መሳቢያውን ከፈተ።

ማስረጃው ከቀበሌ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ገባ። አቶ ፈንታ አሁን በሰነድ በሕይወት አሉ። ፖስተሩ ግን ከነሞታቸው አልወረደም። ዶክተር ኢንግሪድም ከአገራቸው ሆነው ይወርድ ዘንድ ጽፈውልዎ ነበር፤ እርስዎ ከደብዳቤያቸው የሰላምታዋን መስመር ብቻ ቆርጠው «የደንበኞቻችን ምስክርነት» በሚል ገጽዎ ላይ ለጠፉት። እጅዎ ለመቁረጥ መቼም ተወዳዳሪ የለውም።

የቀረውን ቁጥር ልስጠው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ስለዚህ ያለ ቁጥር ልጻፈው። ጥጋቡን «በእንግዳ ፊት አስጎብኚ አዋርደሃል» ብላችሁ ከመናኸሪያው ተራ ለስድስት ወር አገዳችሁት። ያን ዕለት የፈራሁት ደረሰ ማለት ነው፤ ዝም ብዬ የቆየሁባት ደቂቃም ለማንም አልጠቀመች። አሁን ከአርብ ገበያ ገበሬና እህል ይጭናል። ሳገኘው ይቅር በለኝ አልሁት። «ጋሼ፣ አይዘኑ። ገብስ ስጭን ገብስ መጫኔን አውቃለሁ» አለኝ። ፍሬው ግን የዓመቱ ምስጉን አስጎብኚ ተብሎ መሸለሙን ሰምቻለሁ። ከዚያ ማኅበር የሚገባውን አግኝቷል፤ ማኅበሩም የሚገባውን ሰው አግኝቷል።

እንግዲህ ሊቀመንበር ሆይ፣ በሕይወት ያለን ሰው ገድለው፣ የምትሰጥን እጅ የምትለምን አድርገው፣ በሰው ቤት ጠላ ጠጥተው ለወጡበት ብርቱ አገልግሎት ከወገብ በታች ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ወንበርዎ ይደላድልልዎ፤ ስብሰባዎም አይለቅ።

በጥልቅ አክብሮትና በከፍተኛ ጥላቻ፣
ምንይችል ልመንህ
ጡረተኛ መምህር፣ ፈቃድ የሌለው አስተርጓሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ፖስተሩ ከቢሮዎ ግድግዳ ተሰርቋል ተብሎ የጥበቃ ሠራተኛው እየተመረመረ መሆኑን ሰማሁ። ምስኪኑን ይተዉት፤ የወሰድሁት እኔ ነኝ። በቀትር ነው የወሰድሁት፤ ጸሐፊዎም በአዲስ ሊቀየር መስሎት ወንበሩን ደግፎ ይዞልኛል። ወይዘሮ ጌጤ እሳት አቀጣጠሉበት፤ ወፍራም ወረቀት ስለሆነ በደንብ ነደደ። ፌስቡክ ላይ ያለውን ግን ወንበር ላይ ቆሜ ላወርደው አልቻልሁም፤ እሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። አራቱ ሚስማሮች ግድግዳው ላይ እንዳሉ ናቸው። የራስዎን ፎቶ ሊሰቅሉባቸው ካሰቡ፣ ከሥሩ የሚጻፈውን ለመተርጎም ፈቃደኛ ነኝ።