ወፍ ያላመጣው የወፍ በሽታ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። አባባን ጉልበቱ እንቢ እንዳለው ነው፤ አፉ ግን አልደከመም። በጠና ታሞ የነበረው መቶ አለቃ ነው። እሱም ውሻ ስለሆነ አላማረረም።

ማስታወኩንና ሆዱን ሲነኩት መጮሁን ያየችው የእንስሳት ሐኪም፣ ጉበት የሚያጠቃ ተላላፊ በሽታ ነው አለችኝ። አባባ እንዲገባው ብዬ "የወፍ በሽታ በለው" አልኩት። ምነው ዝም ባልኩ! በማግስቱ ልብስ ሰፊውን ጎረቤታችንን አስጠርቶ፣ ጣራችን ሥር ያለውን የወፍ ጎጆ ሁሉ አስፈረሰ። ወፎቹ ተሰደዱ፤ የልብስ ሰፊው ውሻ ግን እንደ ልማዱ በራችን ላይ ሸንቶ ሄደ። ሐኪሟ ስትጠይቅ ለካ እሱም ከጥቂት ወራት በፊት እንዲሁ ታሞ ድኗል። የዳነ ውሻ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ በሽንቱ ያስተላልፋል። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ፣ "እና በእኔ ውሻ ጥፋት ነው መሰላል ላይ የዋልኩት?" አለ። አባባ፣ ወፎቹም ቢሆኑ ንጹሐን አይደሉም ብሎ አጽናናው።

መቶ አለቃ ተርፏል። አንድ ዓይኑ ሰማያዊ ጉም ሲለብስ አለቀለት ብዬ ነበር፤ ሐኪሟ ግን ብዙ ጊዜ ሲያገግሙ የሚመጣ ነው፣ ይጠራል አለችኝ። አሁን ሌሎቹን እንዳይበክል ከግቢ አይወጣም። እኔም አልወጣም፤ አባባን ለማን ትቼ? በሩ ሥር ተጋድመን እንተያያለን። እቀናበታለሁ፤ የእሱ እስር ማብቂያ አለው።

ወደ ደብዳቤሽ ልምጣ። አባባን ተረክበሽኝ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ ልይዝ ነበር የተነጋገርነው። አንቺ ግን ለቡችላዬ ስለምፈራ አልመጣም ብለሻል። እውነትሽን ነው፣ በሽታው በቡችላ ይጨክናል። ስለዚህ አስከትቢያት። አንድ መርፌ አይበቃም፤ ሐኪሙ በቀጠረሽ ቀን ይደገምላት። ክትባቱ እስኪይዛት ውሾች የሚሸኑበት አታውጫት፣ በሌላ ውሻ ሳህንም አታጠጫት። እኔ ግቢውን በበረኪና እያጠብኩ ነው፤ መቶ አለቃንም ጓሮ አስረዋለሁ። ሰው ላይ አይጋባም፤ በዚያ በኩል የሚከለክልሽ የለም። የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ትንሽ እንዲታገሱኝ ለምኛቸዋለሁ፤ ከዚህ ወር በላይ ግን አይጠብቁኝም።

ዕቃውን ያስያዝሽው ሹፌር ደርሷል። ቤትሽ ሁለት ሌሊት ማደሩን ሲነግረኝ፣ ቡችላዋ አላስቸገረችህም? አልኩት።

"የምን ቡችላ?" አለኝ።

ተኝታ ይሆናል አልኩት።

አባባም መቼ ነው የምትመጣው እያለ ይጠይቀኛል። ቡችላዋን እያስከተበች ነው አልኩት። "እሷ ድሮም ሆዷ ለእንስሳ ይራራል" አለ። እኔም ልክ ነህ ብዬ ትራሱን አስተካከልኩለት።

ጤናውን ያብዛልሽ፤ የወጣሽበት ይቅናሽ። ቡችላሽን ሳሚልኝ። ስሟን ግን ረስተሽ ነው መሰል አልጻፍሽልኝም።

ካለሁበት የማልጠፋው፣
እህትሽ