በሉሊት ላይ የለጠፍከው ስም

ለወንድሜ ለገላው፣

እንደምን ከርመሃል? ሄለንስ እንዴት አለች? ይታገስ ያ ሳል ለቀቀው ወይ? ትንሿ ምስራቅስ ቆማ መሄድ ጀመረች? እኛ ቢቸና ያለነው አምላክ ይመስገን ደህና ነን። የአባታችን ጉልበት ከበዓሉ ወዲህ ሻል ብሏቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። እናታችንም ጤና ናት። ጤናህን የጠየቅኩህ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ከልቤ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ለሁለተኛ ጊዜ በስልክ ነገሩን ሳነሳብህ መስመሩ ይቆራረጣል ብለህ ዘጋህብኝ። ደግሜ ስደውል ሄለን አንስታ ሥራ ላይ ነው አለችኝ፤ ያንተ ድምፅ ግን ከኋላዋ ይሰማኝ ነበር። ሚስትህን ለምን ታስዋሻታለህ? ለዚህ ነው በወረቀት የጻፍኩልህ። ሾፌሩ ቀለሙ በእጅህ እንዲሰጥህ፣ ለሌላ ሰው እንዳይተውልህ አደራ ብዬዋለሁ።

ሉሊትን አንተ ባለህበት ሱፐርማርኬት እንድትቀጠር ወደ አንተ የላክኋት እኔ ነኝ። እናቷ እትዬ ውበቴ ልጄን ለወንድምሽ አደራ በይልኝ ሲሉኝ፣ ገላው እያለ ምንም አትሆንም ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። የምን ውለታ እንዳለብን አንተም አትረሳውም። እናታችን ሞጣ ሆስፒታል በተኛችበት ክረምት እኔንና አንተን ቤታቸው ያኖሩን፣ ልብስህን አጥበው እሳት ዳር ያደረቁልህ፣ ለበሽተኛዋ ሾርባ ይዘው በጭቃ የተመላለሱት እሳቸው ናቸው። ዘመዳችን አልነበሩም። ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ቆመን ስናለቅስ አይተውን ነው።

አንቺ የሱፐርማርኬት ሥራ አይገባሽም ብለኸኛል። ገብቶኛል ገላው፤ ልጅቱ አስረድታኛለች። አንተ ቺዙንና ሞርታዴላ የሚባለውን ሥጋ ቆርጠህ ሚዛን ላይ ታስቀምጣለህ። ሚዛኑ በተሞላለት የኪሎ ዋጋ አስልቶ ስቲከር ያወጣል። ስቲከሩ ላይ ያሉት ጥቋቁር መስመሮች፣ ባርኮድ የምትሉት፣ የዚያን ቁራጭ ዋጋ በውስጣቸው ይዘው ነው የሚወጡት። ሉሊት ካሸር ላይ ተቀምጣ መስመሮቹን ለማሽኑ ታሳየዋለች፤ ማሽኑም ያንተ ሚዛን የጻፈውን ዋጋ እንዳለ ያነበዋል። እሷ አትመዝንም፤ አታሰላም።

በሁዳዴ ቺዝ የሚበላ ሰው ስላነሰ ዋጋው እንዲወርድ ታዘዘ። ማስታወቂያው ተጽፎ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። አዲሱን ዋጋ ሚዛኑ ውስጥ ማስገባት ያንተ ሥራ ነበር። አላስገባህም። በዚህ አልቆጣህም፤ ሥራ ይበዛል፣ ሰው ይረሳል። በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ወረቀት አልጀምረውም ነበር።

አንድ ደንበኛ ማስታወቂያውን አይቶ የገዛው ቺዝ ካሸር ላይ ሲደርስ በድሮው ዋጋ ወጣበት። ሉሊትን ትርፉን በኪስሽ ልትከቺ ነው ብሎ ጮኸባት፤ ሌባ አላት። የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ አያት። እሷ ግን ሳትጮህ፣ ጌታዬ ዋጋው ከስቲከሩ የመጣ ነው፣ ሚዛኑ ጋ ይጠየቅልኝ አለች። እውነት አንተ ጋ እንዳለች አውቃ፣ የአገሬ ልጅ ነው፣ ያወጣኛል ብላ ነው ወደ አንተ የጠቆመችው። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ሲጠይቅህ ምን አልክ? ቢላዋህን እየጠረግህ፣ «እኔ ሚዛኑን ከጠዋቱ አስተካክያለሁ። ስቲከሩ አልነበብ ሲል ዋጋውን በእጇ የምታስገባው እሷ ናት» አልክ።

ከዚያም ሥራ አስኪያጁ ሰውየውን ይቅርታ ሲጠይቅ አዲሱን ዋጋ በጥድፊያ ሚዛኑ ውስጥ ከተትህ። የሰውየውንም ቺዝ መልሰህ ተቀብለህ ስቲከሩን ልጠህ ጣልክ። ሊያጣሩ ሲመጡ ሚዛኑ ልክ ነበር። ሉሊት በዚያው ዕለት ቦርሳዋ በጥበቃ ተፈትሾ ወጣች። ስትወጣ ዓይንህን ፈልጋ ነበር። አንተ ሞርታዴላ ትቆርጥ ነበር አለችኝ።

ይህን ሁሉ ከእሷ ብቻ ብሰማ ኖሮ፣ ወንድሜ ነህና፣ ልጅ ናት፣ ነገሩ ተምታቶባት ይሆናል እል ነበር። መጀመሪያ በስልክ ስጠይቅህ ግን አንተው በአፍህ፣ «አዎ፣ ሚዛኑን ረስቼው ነው። ብናገር እኔ ልባረር ነው። እኔ ልጆች አሉኝ፤ እሷ ገና ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች» አልከኝ። ጆሮዬን አላመንኩትም። ሌባ ተብላ የወጣችን ልጅ ማን ይቀጥራል? ልጆች ስላሉህ የሰው ልጅ ትበላለህ?

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሞጣ ገባ። አጎቷ ገብረ ኪዳን፣ ሌባ ከቤቴ አይገባም ብሎ በሩን ዘጋባት። በፊት ከመዘምራኑ ጋር ፊት ቆማ የምትዘምረው ልጅ ዛሬ ቅዳሴ ሳያልቅ በጓሮ በር ትወጣለች። እናቷ ገበያ ሲወጡ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ዝም ይላሉ። አንተ ለፋሲካ ለእትዬ ውበቴ ይሁን ብለህ ነጠላ ላክህልኝ! አልሰጠኋቸውም። እንደተጠቀለለ ለቀለሙ ሰጥቼዋለሁና ተቀበለው።

ባለፈው ቅዳሜ ስፌቴን ትቼ በጉንደ ወይን በኩል ሞጣ ወረድኩ። እትዬ ውበቴ ቤት ገብቼ ገብረ ኪዳን ይጠራልኝ ብዬ አስጠራሁት። መምጣት አልፈለገም ነበር፤ መጣ። በእሱና በጎረቤቶቹ ፊት ቆሜ፣ ሉሊት ምንም አላጠፋችም፣ ያጠፋው ወንድሜ ገላው ነው፣ ጥፋቱንም በእሷ ያላከከው እሱ ነው አልኩ። የገዛ ወንድምን ስም በሰው አገር በሰው ፊት ማዋረድ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቀውም። ያንን ያደረግኸኝ አንተ ነህ።

ገብረ ኪዳን አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ተነሣና ሉሊት ወዳለችበት ጓዳ ገባ፤ ምን እንዳላት አልሰማሁም፣ ስታለቅስ ግን ሰማኋት። እትዬ ውበቴ አላለቀሱም፤ እኔንም አልረገሙኝም። «ይህን ገላው ራሱ ነው የነገረሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ አንቺን ለምን ላከሽ?» አሉ። አልላከኝም፣ በራሴ ነው የመጣሁት ለማለት አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

እንግዲህ ስማኝ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ግባና እውነቱን ተናገር። ቢያባርርህ ተባረር፤ ቢቸና የአባትህ ቤት አለ፣ ማሳም አለ፣ ልጆችህ አይራቡም። ከዚያ ሞጣ ሂድና ለእትዬ ውበቴና ለሉሊት በራስህ አፍ ንገራቸው። እኔ የቻልኩትን ብያለሁ። እኔ ብዬው ያለቀ እንዳይመስልህ፤ ሰው አሁንም እህቱ ለእሷ አዝና ነው እያለ ያማል። የሚያምኑት ካንተ ሲሰሙት ነው። ደግሞ ስልክ እንዳትደውልላቸው። በእግርህ ሂድ።

ለሄለን ሰላምታዬን ንገራት፤ እሷን አልተቀየምኳትም። ይታገስንና ምስራቅን ሳምልኝ። አባታችን ነገሩን ገና አልሰሙም፤ ልጄ ገላው እንደምን ነው እያሉ በየቀኑ ያነሱሃል፣ ሰላም ብለውሃል። እናታችን ግን ሰምታለች። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። «መጀመሪያ ውበቴ ቤት ይግባ፤ ከዚያ እኔ ቤት ይግባ» አለችኝ።

እህትህ አሰጋሽ

ቢቸና፣ ግንቦት ፱ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.